ለምኑ ይቅር ልበል?

«ቱግ ትላለች እንጂ ቂም የላትም።» ይህን ስለ እኔ የተናገረ ሰው ሁሉ ዛሬ ተሰልፎ ፊቴ ቢቆም ደስ ይለኛል። አንድ በአንድ ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ማን ጠየቀህ?» እለው ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሃምሳውንም ዓመት በዚህች አባባል ተሸፍኜ ኖሬአለሁ። ቂም የላትም! እንዴት ይኖረኛል? ቂም የሚይዘው የተሰደበው ነው። ሰዳቢው ምን ጎደለበትና ይቀየማል?

አባቴም እንደዚሁ ነበሩ። ላሊበላ ውስጥ ሲቀድሱ ድምፃቸው ሰው የሚያስለቅስ ቄስ፣ ቤት ሲገቡ በወጥ ጨው ሰበብ እናቴን መግቢያ መውጫ ያሳጧት ነበር። «የአባ ቁጣ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል» ይላሉ ጎረቤቶች፣ ያውም እያደነቁ። የላስታ ገበሬ ግን ጎርፍ ባዶ እጁን እንደማይሄድ ያውቃል። አፈሩን ይዞት ነው የሚሄደው። እናቴ ከዓመት ዓመት ዝምተኛ እየሆነች መጥታ በመጨረሻ ለሰላምታ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ስትሆን «ጨዋ ናት» ተባለ እንጂ ምን ወሰደባት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከአባቴ ድምፃቸውን ወንድሜ ወረሰ፣ ምላሳቸውን እኔ ወረስኩ። ወንድሜ ቄስ ሆነ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ከወንድሜ ቤት እስከ እኔ ቤት ቡና ሳይበርድ የሚደረስበት መንገድ ነው።

ወንድሜ ሚስቱን ያገባት ዲያቆን ሳለ፣ በቁርባን ነው። ቄስ መሆን ለሚፈልግ ሌላ መንገድ የለውም። በቁርባን የተጋባ ደግሞ አይፈታም፣ ሌላም አያገባም፤ እፈታለሁ ካለ ክህነቱን ጥሎ ነው። ልጅቱ ከሙጃ ወዲያ ከገበሬ ቤት የመጣች ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች፤ እኔ አንቺ እላታለሁ። በጦርነቱ ወራት የጋሸና መንገድ ተዘግቶ ከተማው እህል ሲያጣ፣ ዘመዶቿ በእግር ያመጡላትን ገብስ ግማሹን በቁና ሰፍራ ለእኔ የሰጠችኝ እሷ ናት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ የምናገረው ነገር በማን ላይ እንደተነገረ እንዲታወቅ ነው።

በተጋቡ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ልጅ አልነበራቸውም። ያልሄደችበት ጸበል የለም። በእኛ ቤት ስለዚህ ነገር አይወራም፤ ይታሰባል እንጂ። ከሁሉ አብልጬ ያሰብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛው አብልቶ አጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ በእጁ ያስረክባል፤ ያም ተቀብሎ ቤቱ ይወስደዋል። ሰኔ የእኔ ተራ ነው፤ ሐምሌ የወንድሜ ቤት ነው።

ካቻምና ሐምሌ ሃያ አንድ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ስንደርስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ እንጨቱ ርሶ አልነድ ብሎ የወንድሜ ሚስት ዓይኗ ደም መስሏል። የነፍስ አባታችን ዳቦውን ባርከው ቢላዋውን ሲሰዱበት መሐሉ ጥሬ ነው። ሊጡ ቢላዋው ላይ ተለጠፈ። አንዷ ማኅበርተኛ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀች።

ያቺ ሳቅ አናቴ ላይ ወጣች። የአባቴ ቤት፣ የካህን ቤት መሳቂያ ሆነ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ከሆዴ ወጣ።

«አንቺ ምን አለብሽ!» አልኳት፣ ሰው ሁሉ ፊት። «ለልጅ ቆርሰሽ የማታውቂ! ቁርባን ባይዘው ኖሮ ወንድሜ ይኼኔ የልጆች አባት ነበር፤ ዳቦ የሚያበስል እጅም ቤቱ አይጠፋም ነበር!»

ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እሷ አላለቀሰችም። ቢላዋው ላይ የቀረውን ሊጥ በጣቷ ጠርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ከነፍስ አባታችን አጠገብ ተቀምጦ የእጅ መስቀሉን ያገላብጥ ነበር። ሰው ሲያስታርቅ የሚውል፣ ከጋሸና ድረስ ለሽምግልና የሚጠራ ቄስ፣ የገዛ ሚስቱ በገዛ ቤቱ እንዲህ ስትባል መስቀሉን አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በጀርባው ያያል።

ማኅበራችን ሕግ አለው፤ የተጣላ ሰው እያለ ጽዋ አይዞርም። ደግ ሕግ ነው። የምንሠራበት አኳኋን ነው ደሜን የሚያፈላው። ማኅበሩን የሚመሩት ሽማግሌ፣ ሙሴያችን፣ ከጓዳ አስጠሯት።

«በይ ልጄ» አሏት፣ «ቱግ ትላለች እንጂ ቂም የላትም፤ ታውቂያታለሽ። ሰይጣን መሐላችሁ ገብቶ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር በይና ጽዋው ይዙር።»

ሰይጣን! ስንት ክፋት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ደጃፉንም አልረገጠ። ያን ቃል የሠራሁት እኔ ነኝ። ዓመታት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሳገላብጠው ቆይቼ ነው ያወጣሁት። የእሷ ዳቦ ጥሬ ነበር፤ የእኔ ስድብ ግን እስከ መሐሉ የበሰለ ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ጉንጯን ሳምኳት። ጽዋው ዞረ። ከስድቡ እስከ እርቁ አንድ ብርጭቆ ጠላ የሚያስጨርስ ጊዜ አልፈጀም። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ስለ ዘንድሮ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። እኔም ቀለል ብሎኝ ሁለተኛ አስቀዳሁ።

የሚገርመው እኛ ጾመኞች ነን። በጾም ቀን ቅቤ የነካው ማንኪያ ወጣችን ውስጥ ገባ ቢሉን ድስቱን ሙሉ እንደፋለን። አንደበትም ይጹም ተብለን አድገናል፤ ግን ሰው በቁሙ በልተን አፋችንን እንኳ ሳንጠርግ ለጸሎት እንቆማለን።

ፍልሰታ ሲገባ ለነፍስ አባቴ «ተቆጥቻለሁ» ብዬ ተናዘዝኩ። እዚያው ቤት ተቀምጠው በጆሯቸው ሰምተውኛል። «ምን ብለሽ?» አላሉኝም። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ አርባ ስገጂ» አሉኝ። ሰገድኩ፣ ጉልበቴን አመመኝ፣ ቆረብኩ። እኔ እኮ ክፍል ውስጥ ልጅ ሲያጠፋ «አጥፍቻለሁ» ብሎ እንዲቀመጥ ፈቅጄ አላውቅም! «ምን አጠፋህ? የማንን ደብተር ቀደድክ? ስሙን ጥራ!» እላለሁ። አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ ያልፈቀድኩትን ለራሴ ፈቀድኩ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት አባትም ፈቀዱልኝ።

በዚያው ፍልሰታ ነው አፋፉ ላይ ያየኋት። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ታች የተፈለፈሉ ስለሆኑ፣ መግባት የማይችል ሰው ከላይ ከአፋፉ ሆኖ ያስቀድሳል፤ ቅዳሴው ከሥር እየወጣ ይሰማል። የወንድሜ ሚስት እዚያ ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሴት ነገር ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በሳምንቱም እዚያው ናት። መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ መጣ፤ እዚያው ናት። ባሏ ታች ይቀድሳል፣ እሷ ላይ ትቀመጣለች። ሰውም ማውራት ጀመረ፤ «የቄስ ሚስት ከቁርባን ርቃ! የሆነ ነገር ቢኖርባት ነው» ተባለ። እኔስ ይህን ስሰማ ምን አልኩ? «እግዜር የሚያውቀው ነገር ይኖራል» አልኩ፣ ከንፈሬን መጥጬ። ይህን ስጽፍ በራሴ እናደዳለሁ፤ መናደዴም ተገቢ ነው።

አምና ሰኔ ሃያ አንድ ማኅበሩ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጸሎት ደረሰ። ጽዋውን በነጭ ሻሽ ጠቅልዬ ለሐምሌ ተረኛ፣ ለወንድሜ ሚስት፣ በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። እልልታው ሊቀልጥ ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል። እሷ እጇን አልዘረጋችም።

«አባቴ» አለች፣ ወደ ነፍስ አባታችን ዞራ። «አምና በሐምሌ ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። በአፌ አልኩት እንጂ ሆዴ አላለውም። በዋሸሁበት አፍ ሥጋውን ደሙን መቀበል ፈርቼ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው ከአፋፍ ስቀመጥ። አሁን ደግሞ በዚሁ አፍ ጽዋ አላነሣም።»

ቤቱ ተናጋ። «ኧረ በስመ አብ!» «ዓመት ሙሉ ቂም!» «ያውም የቄስ ሚስት ሆና!» ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያን ቃል የተናገርኩ ቀን የተሰማው ዝናብ ብቻ ነበር። እሷ እውነቱን ስትናገር ግን ግድግዳው ሳይቀር አፍ አወጣ።

ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ከሁሉ በፊት የነደድኩት እኔ ነኝ። በቤቴ! በተራዬ! በሰው ፊት! ምላሴ ጫፍ ላይ ቃል መጣ፤ ምን እንደነበር አልጽፈውም፤ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ያን ቃል ጸሎት አስቀረው ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። ያስቀረው ጽዋው ነው። እኔ ስቆጣ እጄን እያወናጨፍኩ ነው፤ ተማሪዎቼም ከጀርባዬ እየቀዱ ይስቁብኛል። ያን ጊዜ ሁለት እጄ በጽዋው ተይዟል። ልወረውረው አልችልም፣ የማስቀምጥበት ቦታ አጠገቤ የለም። አፌን ከፍቼ እጄን አጣሁት። እዚያው ቆሜ ቃሉን ዋጥኩት።

«በይ አሁንስ ከልብሽ ይቅር በያትና አንሺ» አሉ ሙሴው፣ በትራቸውን መሬት እያስነኩ። «የሞተ ነገር አይቆፈርም። ቱግ ትላለች እንጂ...»

«ይቅር እላለሁ» አለች፣ ሽማግሌውን ሳታስጨርስ፤ በሕይወቷ ሽማግሌ አቋርጣ የምታውቅ አይመስለኝም። «ግን ለምኑ ነው ይቅር የምለው? አባቶቼ፣ እስከ ዛሬ ‹ያ ነገር› ነው የምትሉት። ምን እንደተባልኩ አንድ ሰው ይንገረኝ፤ ለሱ ይቅር ልበል።»

አንድም የተናገረ የለም። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሰምቶታል፤ ሁሉም ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ ከፊታቸው ይነበባል። አፋቸው ላይ ለማድረግ ግን አፈሩ። አንደኛው ጠላውን አየ፣ አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች። እነሱ በአፋቸው ሊያልፍ ያፈሩበትን ቃል ነው እንግዲህ እሷ በዚያች አጭር ጊዜ እንድትውጠው የታዘዘችው። ያን ጊዜ ገባኝ። ንዴቴ አልበረደም፤ ፊቱን አዞረ እንጂ።

መባውን ከመሠዊያው ፊት አስቀምጦ መጀመሪያ ሄዶ ይታረቅ የተባለው ማን ነው? ሰው ያዘነበት ነው፤ በዳዩ ነው። እኔ የቄስ ልጅ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ። እኛ ግን ገልብጠን የተበደለችውን አፋፍ ላይ አስቀምጠን የበደለችውን አቆረብን። አንድ ሰው እንኳ «ቆይ እስቲ» አላለም።

«እኔ እናገረዋለሁ» አልኩ።

«ተይ እባክሽ» አለች አንዷ።

«‹ለልጅ ቆርሰሽ የማታውቂ› ብያታለሁ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «‹ቁርባን ባይዘው ኖሮ ወንድሜ የልጆች አባት ነበር› ብያለሁ። የተጋቡበትን ሥጋና ደም የእግር ብረት አድርጌ ተናግሬአለሁ። ዳቦው ሰበብ ነው። ዓመታት በሆዴ ይዤው የቆየሁት ነው። ሰይጣን አይደለም፤ እኔ ነኝ። ገብሷን የበላሁ እኔ ነኝ።»

ወንድሜ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እኔም እሰማ ነበር» አለ። «ሰምቼ ዝም አልኩ።» ሌላም ሊናገር ፈልጎ አልቻለም፤ ያ ሰው የሚያስለቅስበት ድምፁ ተሰብሮ እሱው ራሱ አለቀሰ። ይልቀስ! አላዘንኩለትም፤ ያን ቀን ለራሴም አላዘንኩ።

የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «ሰማሁ» አለች። ይቅር ለእግዚአብሔር አላለችም። ሁለት እጇን ዘረጋችና ጽዋውን ከእጄ ተቀበለች። እጄ ባዶ ሲሆን የማደርግበትን አጣሁ።

«ኧረ ይቅር በያት እንጂ!» ሊሉ ሽማግሌዎቹ ሲጀምሩ የነፍስ አባታችን እጃቸውን አነሡ። «ተዉአት» አሉ። «ስትችል ትላለች።» በዚህ ሁሉ ዘመን ከእርሳቸው አፍ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

በማግሥቱ አስጠሩኝ። ቃሉን እንደገና ቃል በቃል አስነገሩኝ፤ ኑዛዜ ማለት ይህ መሆኑን ሃምሳ ሊሞላኝ ሲል አወቅኩ። «አምና እኔም ሳልጠይቅሽ ቀርቻለሁ፤ ለሱ እኔም ቀኖናዬን ተቀብያለሁ» አሉኝ። ስግደት አልሰጡኝም። «እርሷ ዓመት ተቀምጣለች። አንቺም እዚያው ድንጋይ ላይ ዓመት ተቀመጪ» አሉኝ። ምን ተሰማኝ? ተናደድኩ! በሰው ፊት ያን ሁሉ ተናግሬ ሌላ ዓመት? ደግነቱ የእርሳቸውን መስቀል ለመሳለም ጎንበስ ብዬ ነበርና ፊቴን አላዩትም።

ሐምሌ ላይ ጽዋውን በቤቷ ጠጣን። ዳቦው በስሎ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሲሰጠኝ ተቀበልኩ፣ ሳይሰጠኝም አልጠየቅኩም።

በፍልሰታ የመጀመሪያው እሑድ በማለዳ ጋቢዬን ደርቤ አፋፉ ላይ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። ያቺ ድንጋይ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ናት፤ ከመንገዱ በግልጽ ትታያለች። ወደ ቅዳሴ የሚወርደው ሰው ሁሉ እያየኝ ያልፋል። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ጎረቤቱን ይጎሽማል። የተማሪዎቼ እናቶች አሉ፤ የማውቃቸው መነኩሲት አሉ። «የሆነ ነገር ቢኖርባት ነው» የሚለው ወሬ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እኔ ነኝና የማውቀው፣ ገና ሳይነገር ሰማሁት። እሷ ግን ምንም ሳይኖርባት ነበር ይህን ሁሉ የቻለችው።

ቅዳሴው ሊገባ ሲል እሷ መጣች፣ ነጭ በነጭ ለብሳ። የምትቆርብ መሆኗን አለባበሷ ይናገራል። ወደ ታች የሚያስገባው መንገድ በድንጋይዋ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ብታልፈኝም አልፈርድባትም ነበር። አልፋኝም ሄዳ ነበር፤ ጥቂት ወርዳ ቆመች፣ ተመለሰች፣ እፊቴ መጥታ ቆመች። ይቅር ልትለኝ ነው ብዬ ቀና አልኩ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ብርዱ ከላይ አይደለም፤ ከሥር ነው። ጋቢዎን አጥፈው ይቀመጡበት። ወንጌል ሲነበብ ፀሐይ ይደርስልዎታል።»

ብላኝ ወረደች። ጋቢዬን አውልቄ አራት አጠፍኩትና ተቀመጥኩበት።